ከጓዳ እስከ በጀት፦ የኦቲዝም እናቶች ታሪክ



ባለፈው አመት የቁጠባ መዝገባችንን ስዘጋ አንዲት አባላችን የ5 ወር መዋጮ እንዳልከፈለች አየሁ። በመተዳደሪያ ደንባችን መሰረት ቅጣት መጻፍ ነበረብኝ። ከመጻፌ በፊት ግን ቤቷ ሄድኩ። የ7 አመት ልጇ አይናገርም፤ ስሙን ሲጠሩት አይዞርም፤ በር ክፍት ካገኘ ወደ መንገድ ይሮጣል። እሱን ትታ ገበያ መውጣት ስላልቻለች ንግዷን አቁማለች። አንድ የጤና ባለሙያ "ኦቲዝም ሊሆን ይችላል፣ አዲስ አበባ ወስደሽ አስመርምሪው" ብሏታል። አዲስ አበባ ከእኛ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ጎረቤት ደግሞ "ምን በድላ ነው?" እያለ ያማታል።

ቅጣቱን አልጻፍኩም። የሂሳብ ሰው ነኝና አንድ ጥያቄ ይዤ ተመለስኩ፦ የእንዲህ ያለ ቤተሰብ ወጪ የሚጻፈው በማን መዝገብ ላይ ነው? ጥያቄው አዲስ አይደለም። በሌሎች አገሮችም በእኛም አገር ሌሎች እናቶች ጠይቀውታል።

ኦቲዝም ከልጅነት የሚጀምር የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው። ሊዮ ካነር የተባለ ሀኪም በአሜሪካ በ11 ልጆች ላይ ያየውን ጽፎ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1943 ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ አመታት ምሁራን ሳይቀሩ ጥፋቱን በእናት ላይ ጣሉት። ፍቅር የነፈገች፣ ልቧ የቀዘቀዘ እናት ልጇን እንዲህ ታደርጋለች ተባለ። በርናርድ ሪምላንድ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ እሱም የኦቲዝም ልጅ አባት፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሀፍ ችግሩ ከተፈጥሮ እንጂ ከእናት እንዳልሆነ ተከራከረ። እኛ ሰፈር "ምን በድላ ነው?" ሲባል የምንሰማው ሀሜት በሰለጠነው አለም በዶክተር አፍ ሲነገር የነበረ ነው።

ገንዘቡስ እንዴት መጣ? መጀመሪያ የተሰባሰቡት ወላጆች ናቸው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1962 ወላጆች ማህበር መሰረቱ፤ በ1965 የራሳቸውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። በዚያው አመት የአሜሪካ ወላጆችም ብሄራዊ ማህበር አቋቋሙ። ከ10 አመት በኋላ፣ በ1975፣ የአሜሪካ መንግስት ጉዳት ያለበት ልጅ ሁሉ በነጻ እንዲማር የሚያዝ ህግ አወጣ። ለኦቲዝም ምርምር፣ ምርመራና ስልጠና ብቻ የሚሆን ትልቅ በጀት የፈቀደው ህግ የመጣው ግን በ2006 ነው። ከመጀመሪያው ማህበር እስከዚያ ከ40 አመት በላይ አልፏል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የ1975ቱ ህግ ለልዩ ትምህርት ከሚያስፈልገው ተጨማሪ ወጪ የፌዴራሉ መንግስት እስከ 40 በመቶ እንደሚሸፍን ቃል ገብቶ ነበር። ያ ድርሻ እስከ ዛሬ ተሟልቶ አልተከፈለም። የምርምር ገንዘቡም ቢሆን አብዛኛው የሚሄደው ወደ መንስኤና ወደ ሥነ ህይወት ጥናት ነው፤ ቤተሰብን እንዴት እንርዳ ለሚለው ጥናት የሚደርሰው ጥቂት ነው። ሀብታም አገር እንኳ በህግ የጻፈውን ሁሉ በበጀት አያሟላም።

ወደ አገራችን እንምጣ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በውበት ሙያ ማሰልጠኛቸው የታወቁ ነጋዴ ነበሩ። ልጃቸውን ተቀብሎ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ሲያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 በኒያ ፋውንዴሽን ስር ጆይ የኦቲዝም ማእከልን በአዲስ አበባ ከፈቱ። በአደባባይ ወጥተው "ልጄ ኦቲዝም አለበት" ማለታቸው በጓዳ ተደብቀው ለነበሩ ብዙ እናቶች በር ከፈተ። በኋላም ነህምያ የኦቲዝም ማእከል በዚያው በአዲስ አበባ ተከፈተ። ወይዘሮ ዘሚ በ2013 ዓ.ም. አረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ስራው የተጀመረው በእናት ገንዘብና በእናት እልህ ነው።

ህጉ ግን ነበረ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ህገ መንግስታችን በአንቀጽ 41 መንግስት አቅም በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች ማቋቋሚያና እርዳታ ገንዘብ እንዲመድብ ያዝዛል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግስታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጸደቀች። ታዲያ ለምን በጀት ሆኖ አልወረደም? አንዱ ምክንያት ጠያቂ መጥፋቱ ይመስለኛል። የበጎ አድራጎት አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በአካል ጉዳተኞችና በህጻናት መብት ላይ እንዳይሰሩ ከለከለ። አገልግሎት መስጠት ይችላሉ፤ "መብት ነው፣ በጀት ይያዝ" ብሎ መሟገት ግን አይችሉም። የአስተዳደር ወጪም ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ሲደረግ የስልጠናና የጉዞ ወጪ ሳይቀር በአስተዳደር የሚመደብበት ጊዜ ነበር። ይህ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከተተካ ወዲህ እንደኛ ያለ ማህበርም ስለ መብት መናገር ይችላል።

ምርምሩም በአብዛኛው የቆመው በውጭ ገንዘብ ነው። ለጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኞች ስለ ልጆች የአእምሮ ጤና የተሰጠው ስልጠና ከአንድ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የተዘጋጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ሁለት ክሊኒኮች 102 አሳዳጊዎችን ጠይቆ ከ100 45 ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እፍረት እንደሚሰማቸው አሳይቷል። የአለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ስልጠናም በአገራችን ተሞክሯል። ስልጠናው 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ህንጻም ውድ መሳሪያም አይፈልግም። መልካም ስራ ነው፤ ግን የውጭ ፕሮጀክት ዘመኑ ሲያልቅ ያልቃል። በመንግስት በጀት ላይ የሰፈረ ነገር በየአመቱ ሐምሌ 1 ይታደሳል።

በእኛ በጀዊ ችግሩ እጥፍ ነው። የስደተኞች ጣቢያው በ2007 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው የመጡ እናቶችና እኛ የአካባቢው ነዋሪዎች አንድ ገበያ እንገበያያለን። የኑዌርም ሆነች የአኙዋ እናት ልጇን ለምርመራ ብትወስድ ሀኪሙ የሚጠይቃት በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ መናገር ያቃተው ቋንቋው ስላልገባው ይሁን፣ ጦርነት ስላስደነገጠው ይሁን፣ ወይስ ኦቲዝም ስላለበት፣ ማን ይለያል? ሁሉም በአንድ ላይ "ዝምተኛ ልጅ" ተብሎ ይታለፋል።

በሂሳብ ስራዬ ብዙ የበጀት ሰነድ አይቻለሁ። ኦቲዝም የሚል መደብ ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። በጀት የሚያዘው ለተቆጠረ ነገር ነው፤ ያልተቆጠረ ልጅ ደግሞ መደብ የለውም። ስለዚህ ለጉባኤያችን 3 ሀሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በቤታቸው እንዲህ ያለ ልጅ ያላቸውን እናቶች፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀን፣ ስማቸውን በአደባባይ ሳናወጣ እንቁጠር። ሁለተኛ፣ የሚቀጥለው አመት በጀት ከመጽደቁ በፊት በሚደረገው የህዝብ ውይይት ላይ ቁጥሩን ይዘን ተገኝተን፣ ቢያንስ ለአሳዳጊዎች ስልጠናና ለምርመራ ጉዞ እንዲያዝ እንጠይቅ። ሶስተኛ፣ የቅጣት ደንባችን ልጇን ስትጠብቅ የቀረችን እናት እንዳይነካ እናሻሽል። ይህኛው የማንንም በጀት አይጠብቅም፤ በእጃችን ነው።

ደጋፊዎቻችንም መዋጮአችሁ ከፕሮጀክቱ ዘመን በላይ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ በዚህ ቆጠራ አግዙን። መጋቢት 24 በአለም ዙሪያ የኦቲዝም ቀን ታስቦ ይውላል። በሚመጣው መጋቢት 24 ያቺ እህታችን ልጇን ይዛ በመካከላችን እንድትቀመጥ እፈልጋለሁ። ልጁ ቢሮጥ በየተራ እንይዘዋለን፤ የመዝገቡን ነገር ለእኔ ተዉት።