የጎፋው ላንድክሩዘር ሳኔቲን እንዴት ወጣ

እንግዲህ ወሬውን ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በጎፋና በሳሪስ መካከል ካሉት ጋራዦች በአንዱ ግቢ ውስጥ አንድ ነጭ ላንድክሩዘር ቆሞ ኖሯል። ክረምት ሲመጣ ጎማው መረሬው ውስጥ ይሰምጣል፤ በጋ ሲመጣ መረሬው ይሰነጣጠቃል፤ መኪናው ግን ንቅንቅ የለም። ከኋላ በሁለት በር የሚከፈተው፣ ወንበሮቹ ግራና ቀኝ ሆነው የሚተያዩበት ረጅሙ 75 ነው። በሩ ላይ የእርዳታ ድርጅት ዓርማ የተላጠበት ቦታ ከሌላው ቀለም ይልቅ ይነጣል። ይህን መኪና የማያውቅ የአገራችን ሰው ያለ አይመስለኝም። ክትባት ጭኖ ያልተሻገረው ወንዝ፣ የስንዴ ጭነት ተከትሎ ያልገባበት ወረዳ የለም።

የዘመኑን ግጥምጥሞሽ ተመልከቱልኝ። ቶዮታ ይህ 75 የሚመደብበትን፣ 70 የሚባለውን የላንድክሩዘር ትውልድ ለገበያ ያወጣው በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ነው። ወሎና ትግራይ በረሃብ ያልቁ የነበረው፣ የኮረም ምስል በዓለም ቴሌቪዥን የታየው በዚያው ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ በመጡት ዓመታት ሐኪሙም፣ መዝጋቢውም፣ እርዳታ አከፋፋዩም ገጠር የገባው በአብዛኛው በዚህ መኪና ነው። ስለዚህ ስለ አንድ አሮጌ መኪና ሳወራ ስለ ብረት ብቻ የማወራ አይምሰላችሁ።

ባለቤቱ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው፤ ሠፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ሲነዱት የኖሩትን መኪና ድርጅቱ ፕሮጀክቱን ዘግቶ በጨረታ ሲሸጠው ጥሪታቸውን አሟጠው ገዙት። ጥቂት ሠሩበት። አንድ ቀን ሞተሩ ሞቀ፣ ቴስታታው ተበላሸ፣ ገንዘብ አጠረ፣ መኪናው ቆመ። ሊብሬው ሳጥን ውስጥ፣ ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ቀረ።

ያስነሣው የእህታቸው ልጅ ነው። ደሞዝ ያጠራቀመ፣ አገሩን በዓይኑ ማየት የቸኮለ ወጣት። ጋራዡ ድረስ አብሯቸው መጣና፣ "ጋሼ፣ ይቺን መኪና አሳድሰን መጀመሪያ ባሌ እንሂድ፣ ከዚያ ኦሞ፣ ከዚያ ኤርታሌ" አለ። ቀጥሎ በስልኩ ላይ ያየውን ሁሉ ዘረዘረ። ጣራው ላይ ፖርቶመጋላ፣ በላዩ ላይ የሚዘረጋ ድንኳን፣ ፊቱ ላይ ዊንች፣ ግንባሩ ላይ የመብራት ድርድር። በአውስትራሊያ በረሃ ይህንኑ 75 እንዲህ አስጊጠው የሚኖሩበት ሰዎች አሉና ልጁ ከሜዳ ተነሥቶ አላለመም።

የጋራዡ ካፖ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አዳመጠውና "የኔ ልጅ፣ ከጎማ በላይ ስላለው ኋላ እናወራለን። አሁን ከሥሩ ልግባ" አለው። ገባም።

ሞተሩ ዋን ኤችዜድ ነው። ስድስት ፒስተን፣ 4,164 ሲሲ፣ ናፍጣ። ቱርቦ የለውም፣ ኮምፒውተር የለውም። ናፍጣው የሚረጨው በሜካኒካል ፖምፓ ስለሆነ መፍቻና ልምድ ያለው ሰው መንገድ ዳር ተንበርክኮ ያስነሣዋል። ለበረሃ ጉዞ ከዚህ የሚበልጥ መሣሪያ አላውቅም። ጠላቱ ሙቀት ነው። ራዲያተሩ በደለልና በዝገት ሲደፈን፣ ሾፌሩም የሙቀት ጌጁን ሳያይ ዳገት ሲጋልብ ቴስታታው ይሰነጠቃል። ካፖው ቴስታታውን አውርዶ ቶርኖ ቤት ላከው፤ ስንጥቁ የማይመለስ ሆነና ሌላ መፈለግ ግድ ሆነ። ፍለጋው ወደ መርካቶ፣ ወደ ሶማሌ ተራ ወሰደን።

ሶማሌ ተራን የማታውቁ ካላችሁ አንድ ቀን ሂዱና እዩት። የተፈታ መኪና አጥንቱ፣ ጅማቱ፣ ዓይኑ ተለይቶ የተሰቀለበት ገበያ ነው። ካፖው አንዱን ቴስታታ አገላብጦ አየ፣ በጥፍሩ የቫልቩን መቀመጫ ዳሰሰ፣ ተወው። ሁለተኛውንም ተወው። ሦስተኛው ላይ ዝም ብሎ ቆየ። ያን ጊዜ ነው ዋጋ መከራከር የተጀመረው። የመለዋወጫ ዋጋ የከበደበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ፤ ስለዚህ ባለ አሮጌ መኪና ሁሉ ያለውን ለመጠገን መለዋወጫ ይሻማል። የኤሌክትሪክ መኪና ለከተማ መልካም ነው፤ እደግፈዋለሁ። ግን ባሌ ውስጥ ከዶሎ መና በታች ወይም አፋር ውስጥ ሐመድ ኤላ ላይ ባትሪ የሚሞላ ጣቢያ እስኪተከል ድረስ ገጠሩን የሚደርሱበት እነዚህ አሮጌ ናፍጣዎች ናቸው። ምትክ እንደ ልብ አይመጣላቸውም። ያሉትን ማዳን ነው።

ወደ ጋራዡ እንመለስ። ቴስታታው ተላገ፣ ጓርኒሲዮኑ ተቀየረ፣ ራዲያተሩ ተከፍቶ ታጠበ። የታይሚንግ ቺንጋውን ማን መቼ እንደቀየረው የሚያስታውስ ስላልተገኘ ካፖው አዲስ አስገባ፤ በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር መቀየር ያለበት ይህ ቺንጋ ድንገት ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ሞተሩም ያልቃል። ኖዝሎቹና ፖምፓው ወደ ባለሙያቸው ሄዱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። አዲስ አበባ ላይ የምንተነፍሰው አየር ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። በባሌው የሳኔቲ አምባ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ሲወጣ፣ አርባ በመቶው የለም። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ የሚስበው አየር ሲያንስ ፖምፓው ግን ያንኑ ናፍጣ ቢረጭ፣ ያልተቃጠለው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ሞተሩም ይግላል። ስለዚህ ፖምፓው ሲስተካከል የናፍጣው መጠን ጥቂት ዝቅ ተደረገ። ዳገት ላይ ጉልበት ይቀንሳል፤ ሞተሩ ግን ይድናል።

ከሞተሩ ይልቅ የእኔን ልብ የያዘው የፊት ጎማው ሥራ ነው። የሠራችው ከንፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ለልምምድ የመጣች ወጣት ናት። በዚህ መኪና ላይ የፊት ጎማ ከመሪው ጋር የሚዞርበት ቤት ውስጥ ፓራኦሊዮ አለ፤ ሲያልቅ የዲፍረንሻሉ ዘይት ወደ ግራሶው ይገባል፣ ግራሶው ይቀጥናል፣ ኩሽኔታው ይበላል። ከፍታ ስታየው ግራሶው እንደ ሾርባ ፈሰሰ። ኩሽኔታውን በናፍጣ አጥባ፣ አድርቃ፣ ጆሮዋ ሥር አስጠግታ አዞረችው።

"ምን ይላል?" አላት ካፖው።

"ያጉረመርማል፣ ካፖ።"

"ጣይው፣ ልጄ።"

አዲሱን ኩሽኔታ መዳፏ ላይ ግራሶ ዘርግታ፣ በሌላው ጎን እስኪወጣ ድረስ እየተጫነች ሞላችው። ዳዶውን አጠበቀች፣ ጎማውን አዞረች፣ መልሳ አላላች፣ ደግማ አጠበቀች። ያን ዕለት ሌላ ሥራ አልሠራችም። ካፖውም አላጣደፋት። ይህን ሙያ ዩቲዩብ አያስተላልፈውም፤ የእጅ ሥራ በእጅ ይተላለፋል።

የፍሬን ሸራው ተለጠፈ፣ ታምቡሩ ቶርኖ ተደረገ። ለዓመታት ያልተነካው የፊት ፍሪዊል ዝጎ ተጣብቆ ስለነበር ተፈትቶ ታጠበ። ከኋላ ባሌስትራው አንድ ቅጠል ተጨመረለት።

ያን ጊዜ ልጁ ወደ ጣራው ጥያቄ ተመለሰ። ጄሪካኖቹን ከላይ መደርደር ፈልጓል። ካፖው መሬት ላይ ተቀምጦ በጣቱ አፈሩ ላይ ሣለለት። ሃያ ሊትር ናፍጣ ከነጄሪካኑ ሃያ ኪሎ ይደርሳል፤ አራቱ ሰማንያ ናቸው። ያን ሁሉ ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ አውጥተህ ገደል ዳር በጎን ዘንበል ስትል መኪናው ወደዘነበለበት ይገለበጣል። ደግሞስ ለምን? ይህ ሞዴል ከሥሩ እያንዳንዳቸው 90 ሊትር የሚይዙ ሁለት ታንኮች አሉት። ሁለተኛው ዝጎ ስለተዘጋ ተረስቶ ነው እንጂ። ታንኩ ወረደ፣ ታጠበ፣ ቧንቧው ተቀየረ፤ መኪናው አንዴ ሞልቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ ሆነ። ዊንቹም ቀረ፤ በገንዘቡ አራት ጥሩ ጎማና ጠንካራ መጎተቻ ገመድ ተገዛ። ልጁ ፖርቶመጋላውን ብቻ አልተወም። ሳሪስ አንድ በያጅ ዘንድ ሄዶ አሠራው። ጋሼ ዝም አሉ።

ውስጡን ግን ጋሼ ራሳቸው አዘዙ። ጀሞ ካለ አናጺ የእንጨት ሳጥን አሠሩ፤ ሻንሲው ድረስ በቡሎን ታሰረ፣ ምክንያቱም ያልታሰረ ሳጥን መኪና ሲገለበጥ ሰው ይገድላል። ውስጡ ምን ገባ? ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ማጣበቂያ፣ የእጅ ፓምፕ፣ የናፍጣ ፊልትሮ፣ ቺንጋ፣ ፒንሳ፣ ሽቦ፣ ሁለት ክሪክ። ከክሪኩ ጋር አንድ ወፍራም ጣውላ፤ መረሬ ላይ ክሪክ ብቻውን ከተተከለ መኪናውን ከማንሣቱ በፊት ራሱ ይሰምጣልና። ውኃ፣ ቡታጋዝ፣ ረከቦት። ከሁለቱ የጎን ወንበሮች አንዱ ተነሣ፤ ሌላውን ልጁ ሊፈታው ሲል ጋሼ እጁን ያዙት። "እዚህ ላይ የተቀመጡትን ሰዎች ብታውቅ አትነካውም ነበር" አሉት። አልተነካም።

መኪና ይዞ ወደ መሐል አገር መግባት እዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና ይዞ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በረሃውንና ዳገቱን ወራት ፈጅቶ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ያኔ መንገድ አልነበረም፤ ሰው ነበረ። ዛሬም መንገዱ ባለቀበት ቦታ ሁሉ መኪና የሚያልፈው በሰው ነው።

በጥቅምት ተነሣን፤ እኔም አብሬ ነበርሁ። በሳሪስ፣ በቃሊቲ፣ በሞጆ፣ በሻሸመኔ፣ በዶዶላ አልፈን ጎባ አደርን። ጋሼ ከሰማንያ በላይ አልነዱም። በየቆምንበት ወርደው አራቱንም ጎማዎች መሐል በእጃቸው ይዳስሳሉ፤ የጋለ ኩሽኔታ ቢኖር እጅ ቀድሞ ያውቀዋል። አልነበረም።

ጎህ ሲቀድ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ነበር። ማሞቂያዎቹ ጥቂት ቆዩና ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሣ። ሳኔቲን ስንወጣ ጭሱን በመስታወት እያየሁ ነበር፤ ስስ ግራጫ እንጂ ጥቁር አልነበረም። ጅብራው ከጉም ውስጥ ብቅ ብቅ ይል ጀመር። ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ 4,377 ሜትሩ ጫፍ፣ የሚወስደውን መንገድ ሳንጨርስ ቀይ ቀበሮ አየን። አንገቱን ደፍቶ የፍልፈል ጉድጓድ ያዳምጣል። ልጁ ከመንገዱ ወጥቶ ጠጋ እንዲባልለት ጠየቀ፤ ጋሼ "በፍጹም" አሉ። ትክክል ናቸው። ያ ሣር ከሥሩ የፍልፈል ቤት ነው፣ ቀበሮው የሚኖረው በፍልፈሉ ነው፣ ጎማ የረገጠው ደግሞ በዚያ ብርድ ቶሎ አያገግምም። ይህ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ፎር ዊል ያለው መኪና የትም መግባት ይችላል ማለት የትም ይገባል ማለት አይደለም።

ቁልቁለቱ ላይ፣ ወደ ሪራና ወደ ሐረና ጫካ ስንወርድ፣ ጋሼ ከባዱን ማርሽ አስገብተው እግራቸውን ከፍሬን ላይ አነሡ። መኪናው በሞተሩ እየተያዘ ቀስ እያለ ወረደ። ኮረኮንቹ ግን ያንቀጠቅጣል። አንድ ቦታ ከላይ "ቀጭ" የሚል ድምፅ ተሰማ። ወርደን ስናይ የፖርቶመጋላው አንድ እግር ብየዳው ላይ ተሰንጥቋል። ልጁ አንድ ቃል ሳይናገር በሽቦና በገመድ አሰረው፣ የተጫነውን ሁሉ ወደ ውስጥ አስገባ፤ ጋሼም ምንም አላሉትም። ሪራ ላይ ማር ገዛን፣ ቡና አፈላን። ከዚያ እስከ ዶሎ መና፣ ከዚያም ተመልሶ እስከ ጎፋ፣ ከሥር የተሠራው አንዱም አልጎደለም።

ለእናንተ የምለው ይህ ነው። አሮጌ ላንድክሩዘር ግቢ ውስጥ ያቆማችሁ ሰዎች ካላችሁ፣ ለጌጥ ከምታወጡት ብር በፊት ኩሽኔታውን፣ ፓራኦሊዮውንና ራዲያተሩን አስፈትሹ። ጋራዥ ያላችሁ ደግሞ ከኮሌጅ ለልምምድ የሚላኩላችሁን ልጆች መጥረጊያ ብቻ አታስይዟቸው፤ ቴስታታ ሲወርድ አቅርባችሁ አሳዩአቸው። ያቺ ወጣት ዛሬ የፊት ጎማ ሥራን ብቻዋን ትሠራለች። ካፖው ዕድሜው ገፍቷል፤ እሱን የመሰሉት ሳያልፉ ሙያውን ተቀበሏቸው።