የ“አድዋ” ፊልም፣ የቪዲዮ ቅጂው ስርጭትና የሞጆ ደረቅ ወደብ

“አድዋ” ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1999 ለዕይታ ያበቁት ዘጋቢ ፊልም ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኢጣሊያ ሠራዊት መካከል የተካሄደውን ጦርነት የሚተርከው ይኸው ፊልም በቪዲዮ ካሴትና በዲቪዲም ተሰራጭቷል። እንዲህ ያለው ሥራ በቅጂ ወደየቤቱ ሲገባ የባለቤቱን መብት የሚያስጠብቀው የወጣው ሕግ ብቻ ሳይሆን ሕጉን በተግባር የሚያውሉት ሠራተኞች ጭምር ናቸው።

የፊልሙ ይዘት

የጦርነቱ መነሻ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛና በጣሊያንኛ የተለያየ ትርጉም መያዙ እንደሆነ ይታወቃል። በዳግማዊ አፄ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ የተመራው የኢትዮጵያ ሠራዊት ወደ 100 ሺህ እንደሚደርስ ይገመታል። በጄኔራል ባራቲዬሪ የሚታዘዘው የኢጣሊያ ጦር ደግሞ ከ17 ሺህ በላይ ሲሆን፣ ከእነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ ከኤርትራ የተመለመሉ ወታደሮች ነበሩ። ጄኔራል አሪሞንዲና ጄኔራል ዳቦርሚዳ በውጊያው ሲሞቱ ጄኔራል አልቤርቶኔ ተማርከዋል። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው ስምምነት የውጫሌን ውል ሽሯል።

ፊልሙ ውጊያውን በተዋናዮች ከመድገም ይልቅ በሥዕሎች፣ በዜማና ከአባቶች በወረደ የአፍ ታሪክ አማካይነት ያቀርበዋል።

የስርጭቱ መንገድ

በጎንደር የተወለዱትና በአሜሪካ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ያስተማሩት ፕሮፌሰር ኃይሌ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣውን “ሳንኮፋ” የተሰኘ ፊልማቸውን የሚያከፋፍል ኩባንያ በማጣታቸው አዳራሽ ተከራይተው በራሳቸው ማሳየታቸው ይታወሳል። በዋሽንግተን የከፈቱት የቪዲዮና የመጻሕፍት መደብርም በዚሁ ፊልም ስም ይጠራል። ፊልሞቻቸውን በራሳቸው ድርጅት ለሚያከፋፍሉ ባለሙያ የቅጂ ሽያጭ የሚቀጥለው ሥራ መነሻ ገንዘብ ነው። ያለፈቃድ የሚባዛ እያንዳንዱ ዲስክም ይህንኑ መነሻ የሚያሳጣ ይሆናል።

የሕግ ጥበቃው

በኢትዮጵያ የፊልም ሥራዎች ጥበቃ የሚያገኙት በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። አዋጁ በ2007 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ሕጉ ሆን ብሎ መብት የጣሰ ሰው በእሥራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ሆኖም አዋጁ በየትኛውም አገር የተሠራን ፊልም ሁሉ በእኩል አይሸፍንም። ስለሆነም ጉዳዩን የሚመረምር ሠራተኛ የሥራ አመንጪውን ዜግነት ወይም መኖሪያ እንዲሁም ሥራው መጀመሪያ የታተመበትን አገር አስቀድሞ ማጣራት ይኖርበታል።

የሞጆ ደረቅ ወደብ ድርሻ

አዋጁ የጉምሩክ መሥሪያ ቤት በባለመብቱ ማመልከቻ መነሻነት መብት ጥሰዋል የተባሉ ዕቃዎችን ይዞ እንዲያቆይ ሥልጣን ሰጥቷል። ይህ ሥልጣን በተለምዶ የድንበር ላይ እርምጃ ይባል እንጂ በመልቲሞዳል ሥርዓት ከጅቡቲ የሚነሳ ኮንቴይነር የጉምሩክ ሥነ ሥርዓቱ የሚፈጸመው አገር ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ2009 የተቋቋመው የሞጆ ደረቅ ወደብ በዚህ ረገድ ቀዳሚው ነው። በመሆኑም ለታተሙ ዲስኮች “ድንበሩ” በተግባር ሞጆ ላይ ይገኛል ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ልዩነቱን ማስተዋል ያሻል። ባዶ ዲስክና ማጫወቻ ሕጋዊ ሸቀጥ በመሆናቸው በዚህ ምክንያት ብቻ ሊያዙ አይገባም። ጥያቄ የሚነሳው ፊልም ተቀርጾባቸው ያለፈቃድ የተባዙ ቅጂዎች ሲገኙ ነው። ባለመብቱም ማመልከቻውን ከማስረጃ ጋር በወቅቱ ካላቀረበ የጉምሩክ ሠራተኛው ሕጋዊውን ቅጂ ከሕገወጡ ለመለየት ይቸገራል።

የቅጂ ስርጭት ከካሴት ወደ ዲስክ፣ ከዲስክም ወደ ኢንተርኔት ተሸጋግሯል። “ሳንኮፋ” ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታድሶ በኔትፍሊክስ ቀርቧል። በኢንተርኔት የሚተላለፍ ፊልም በኮንቴይነር ስለማይጫን የሞጆ ፍተሻ አይደርስበትም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የመብት ጥበቃው በዋነኛነት የአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤቱ፣ የፍትሕ አካላትና የባለመብቶች ማኅበራት ቅንጅት የሚጠይቅ ይሆናል።