ጾም፣ መከራና የጎንደሩ እስረኛ

በካቶሊክ አስተምህሮ ጾም ምእመኑ ለንስሐ ብሎ የሚይዘው ተጋድሎ ሲሆን፣ መከራ ደግሞ ሳይሹት ሲመጣ በእምነት የሚሸከሙት መስቀል ነው። በጎንደር ታሪክ ለዚህ ምሳሌ የሚጠቀሱት አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1791 ጎጃም የተወለዱት እኚህ ሊቅ መነኩሴ በ1844 ካቶሊክ ሆኑ። በዚሁ ሳቢያ ጎንደር ላይ ታስረው ቢሰቃዩም እምነታቸውን አልካዱም። በ1855 በሰንሰለት እንደታሰሩ ዐረፉ፤ በ1926 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ብፅዕናቸውን አወጁ።

ሆኖም ቤተ ክርስቲያኒቱ ሥቃይን ፈልጉ አትልም፤ ሕመምተኛ ከጾም ግዴታ ነጻ ነው። በላቲን ሥርዓት ከ1966 ወዲህ በግዴታ የሚጾሙት ዕለታት የዐመድ ረቡዕና ስቅለት ብቻ ናቸው። የግእዝ ሥርዓት ካቶሊኮች የራሳቸው የጾም ሥርዓት አላቸው። በሁለቱም ዘንድ ጾም ያለ ጸሎትና ምጽዋት ሙሉ አይሆንም።