ኢንተርሚዲየት አልጀብራ በአሜሪካ ኮሌጆች

ኢንተርሚዲየት አልጀብራ በአሜሪካ ኮሌጆች ለረጅም ዘመን ሲሰጥ የኖረ፣ ይዘቱ ግን የሁለተኛ ደረጃ የሆነ ኮርስ ነው። ፖሊኖሚያልን ፋክተራይዝ ማድረግ፣ የሁለተኛ ዲግሪ እኩልዮሽ፣ ስኩዌር ሩትና ሎጋሪዝም ዋና ዋና ክፍሎቹ ናቸው። ተማሪው አንድ ሴሚስተር ከፍሎ፣ ተምሮና ተፈትኖ ቢያልፍም ክሬዲቱ አብዛኛውን ጊዜ ለባችለር ዲግሪ አይያዝለትም።

አልጀብራ ድሮ የኮሌጅ ትምህርት ነበር። ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ1820 የመግቢያ መስፈርት ካደረገው ወዲህ (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) ሌሎቹ ኮሌጆች ቀስ በቀስ ተከተሉት፤ ትምህርቱም ወደ ሁለተኛ ደረጃ ወረደ። ሳይማሩት የሚመጡ ወጣቶች ግን አልጠፉም። የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በ1849 ማስተማር የጀመረው በመሰናዶ ክፍል ነበር።

ጉዳዩ የብዙኃን የሆነው ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ሲስፋፉ ነው። የመጀመሪያው የመንግሥት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በ1901 በኢሊኖይ ግዛት፣ በጆሊየት ከተማ ተከፈተ። ከ1944 በኋላ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተመላሾች በመንግሥት ወጪ ኮሌጅ ገቡ፤ የካሊፎርኒያ የ1960 የከፍተኛ ትምህርት ዕቅድም ኮሌጆቹን መማር ለሚችል ሁሉ ክፍት አደረገ። ታዲያ ማን ከየት ይጀምር? መልሱ የምደባ ፈተና ሆነ። ትምህርት ካቋረጡ ዓመታት ያስቆጠሩ ሠራተኞችና ስደተኞች፣ የረሱትን ክፍልፋይ በአንድ ቀን ተፈትነው ከመሠረታዊ ስሌት፣ ከቅድመ አልጀብራ ወይም ከጀማሪ አልጀብራ እንዲነሱ ይታዘዙ ነበር። የዚህ መሰላል የመጨረሻ ደረጃ ኢንተርሚዲየት አልጀብራ ነው።

የመሰላሉ ጉዳት በራሱ በሒሳብ ይታያል። በየደረጃው ከመቶ ተማሪዎች 70ው አልፈው ይቀጥላሉ ቢባል፣ አራት ደረጃ የሚጠብቃቸው 100 ተማሪዎች መጨረሻ ላይ 24 ብቻ ይሆናሉ። በ2010 የታተመ ሰፊ ጥናትም በዚህ መሰላል ወደሚሰጠው ማካካሻ ሒሳብ ከተመደቡት ተማሪዎች የታዘዙላቸውን ኮርሶች የጨረሱት 33 በመቶ ያህል ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ብዙዎቹ የቀሩት ወድቀው ሳይሆን ለመጀመሪያው ወይም ለቀጣዩ ኮርስ ሳይመዘገቡ ቀርተው ነው።

ኮርሱ የተቀረጸው ወደ ካልኩለስ ለሚሄድ ተማሪ ነው። ለኢንጂነሪንግ ተማሪ ያለ እርሱ መንገድ የለም። ሆኖም ስታቲስቲክስ ብቻ የሚያስፈልገው የወደፊት ነርስ ወይም የታሪክ ተማሪ ሎጋሪዝም ካልፈታህ አታልፍም ሲባል፣ ፈተናው ዕውቀቱን መለካቱን ትቶ ዕድሉን መዝጋት ጀመረ። ካሊፎርኒያ ይባስ ብላ በ2009 ኮርሱን የሁለት ዓመት ዲግሪ መስፈርት አደረገችው።

ለውጡ የመጣው ከሁለት አቅጣጫ ነው። በ2011 የትምህርት ድርጅቱ ካርኔጊ ፋውንዴሽን ማካካሻውንና ስታቲስቲክሱን በአንድ ዓመት የሚያጠቃልል ‹ስታትዌይ› የተባለ መርሐ ግብር በኮሌጆች ማስተማር አስጀመረ። በ2017 ደግሞ የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪዎች ተማሪ በሁለተኛ ደረጃ ውጤቱ እንዲመደብና ሳይዘገይ የዩኒቨርሲቲ ደረጃ ሒሳብ እንዲጀምር ደነገጉ። አንዳንድ መምህራን ያልተዘጋጀ ተማሪ ይጎዳል ብለው ተቃውመዋል፤ ስጋታቸው ተገቢ ነበር፤ በተለይ ወደ ካልኩለስ ለሚያመራ ተማሪ። ለዚህም ኮሌጆቹ ከዋናው ኮርስ ጎን ለጎን የሚሰጥ የድጋፍ ክፍለ ጊዜ ጨመሩ። ሕጉ በ2019 የመጸው ሴሚስተር ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ፤ በ2022 የወጣው ሌላ ሕግም ተማሪን ወደ ማካካሻ ሒሳብ መመደብን ይበልጥ ገደበ።