ባዶውን ይበራል፣ ሲጫን ይታፈናል፤ የቤንዚን ጭነት መኪናና የደጋው አገራችን ታሪክ

 

ዱራሜ አካባቢ አባቱ አሮጌ የቤንዚን ዚል ያላቸው አንድ ተማሪዬ ሰሞኑን እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ መኪናው ባዶውን ምንም አይልም። ሚኒሞው ጸጥ ያለ ነው። ድንጋይ ጭነን ዳገት ስንጀምር ግን ያስላል፣ ጉልበት ያጣል። ሰው ሁሉ ሞተሩ አልቋል፣ ለቁራሌው ሽጡት ይለናል። እርስዎ ምን ይላሉ?»

እኔ የታሪክ መምህር እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ግን ይሄ ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ ታሪክ አለው። መኪና ወደዚህ አገር ከገባ ጀምሮ ሹፌሮቻችን የሚያነሱት ጥያቄ ነው። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

መጀመሪያ ስለ አየሩ። አምባሪቾ ተራራን በ777ቱ ደረጃ የወጣችሁ ታውቁታላችሁ። ታች ላይ እየተጫወታችሁ ትጀምራላችሁ፤ መሀል ላይ ወሬው ይቆማል፣ ትንፋሽ ብቻ ይቀራል። ሞተርም እንደዚሁ ነው። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከምጽዋና ከጅቡቲው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በግርድፉ በየ1,000 ሜትሩ ሞተር ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ባለ 8 ሲሊንደሩ ዚል 130 ከፋብሪካው ሲወጣ 150 የፈረስ ጉልበት አለው፤ እኛ ጋ ሲደርስ፣ አዲስ ቢሆን እንኳ፣ ወደ 120 ገደማ ይወርዳል። ባዶውን ሲሄድ ይሄ ጉድለት አይታወቅም። የሚታወቀው ሲጫን ነው።

ሁለተኛው ችግር ካርቡራቶሩ ነው። አየር በጠባብ ጉሮሮ ውስጥ ሲያልፍ ቤንዚኑን በትንሽ ቀዳዳ ይስበዋል። ያቺ ቀዳዳ ተለክታ የተበሳችው ለቆላ አየር ነው። የፊያት አገር ቶሪኖ 240 ሜትር ገደማ፣ የዚል አገር ሞስኮ 150 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ደጋ ላይ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም። ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ሞተሩ ይታፈናል። ስለዚህ ከቆላ የመጣ ጤነኛ መኪና እዚህ ታሞ ሊታይ ይችላል።

አሁን ወደ ታሪኩ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቤዴ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ ሲድሊ የምትባል መኪና ለአፄ ምኒልክ አዲስ አበባ አደረሰ። ከባሕር ጠረፍ ተነስታ 2,300 ሜትር የወጣች መኪና ናት። የደጋውን ዳገትና የሳሳውን አየር በካርቡራቶር ሞተር መፈተን ያኔ ተጀመረ ማለት ይቻላል።

ትልቁ ፈተና ግን በ1928 ዓ.ም. መጣ። ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪ አሰልፎ ነበር። ያ ሰልፍ ከ1,300 ሜትር ገደማው የሸዋ ሮቢት ቆላ ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነውን ጣርማ በርን መውጣት ነበረበት። የኛ ሰዎች መንገዱን አፍርሰውት ነበር፤ ዝናብም ዘነበ። የጣሊያን ወታደሮች መኪኖቹን በጭቃው ውስጥ በእጅ እየገፉና እየጎተቱ አሳለፉ። ዋናው ያስቸገራቸው የፈረሰው መንገድና ጭቃው ነው። ግን አስቡት፤ እዚያ ከፍታ ላይ የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ሲሶ የሚሆነውን አጥቷል። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገቡ። ቀጥለው ጣርማ በር ላይ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ዋሻ ቆፈሩ። ዛሬም ወደ ደሴ ስንሄድ በዚያው እናልፋለን።

ጣሊያን ካመጣቸው መኪኖች ውስጥ ሰዉ «ትሬንታ ኳትሮ» እያለ የሚጠራው ፊያት 634 ናፍጣ ነበር። ናፍጣ ሞተር ካርቡራቶር የለውም። የሚፈልገውን አየር ሳይመጠን ይስባል፣ ነዳጁ በፖምፓ ተለክቶ ይረጭለታል። ደጋ ላይ እሱም ጉልበት ያጣል፤ ግን ዝቅ ባለ ዙር ላይ ጠንካራ ስለሆነ ዳገት ላይ እንደ ቤንዚኑ ቶሎ እጅ አይሰጥም። በኋላ ኤንትሬ (ፊያት 682) መጥቶ የኢትዮጵያን መንገድ የገዛው፣ ሌላውም ምክንያት እንዳለ ሆኖ፣ በዚህ ነው።

ጣሊያን ከተባረረ በኋላ የቀረልን መንገዱ ብቻ አልነበረም፤ ቋንቋውም ቀረ። ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ፊልትሮ፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ጎሚስታ... ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው። በ1943 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ብድር የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋምና መንገዱ ሲሰፋ፣ ይህን ቋንቋ የሚናገሩ መካኒኮች ናቸው መኪኖቹን ያቆዩት። ብዙዎቹ የተማሩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ጋራዥ ውስጥ፣ ከሥር ተኝተው ቁልፍ እያቀበሉ ነው።

ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሶቪየት መኪኖች በብዛት ገቡ። ዚል፣ ጋዝ 66፣ ኡራል 375። ሦስቱም ባለ 8 ሲሊንደር፣ ሦስቱም በካርቡራቶር የሚሠሩ ቤንዚን ጠጪዎች። የኡራሉ ሞተር 7 ሊትር፣ 180 የፈረስ ጉልበት ነበር። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ጨምራ 300 የጭነት መኪኖች ላከች። በዚያ ዘመን ደጋ ላይ የተጫነ መኪና ቆመ ማለት የሆነ ሰው እህል ሳይደርሰው አደረ፣ ወይም ሰፈራ የሚሄድ ቤተሰብ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። የካርቡራቶር ጉዳይ ቀላል ጨዋታ አልነበረም።

እና ምን ያደርጉ ነበር? ከድሮ ሹፌሮችና መካኒኮች ስጠይቅ ያገኘሁት ቅደም ተከተል ይሄ ነው፤ የዱራሜው ልጄም ይስማ።

አንደኛ፣ መኪናው ተጭኖ ዳገት ላይ ይፈተናል። ቆሞ የሚደረግ ምርመራ ይሄን በሽታ አያሳይም። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልሄደ ፍሪሲዮን ነው። መኪናውን የሚይዘው ፍሬንም ካለ እሱ መጀመሪያ ይታያል።

ሁለተኛ፣ እያሳለ ዳገት ሲወጣ የአየር መዝጊያው (ቾኩ) በትንሹ ይሳባል። ከተሻለው ቤንዚን አንሶታል። የታንከሩ ክዳን መተንፈሻ፣ ፊልትሮው፣ ፖምፓው፣ ከዚያም የካርቡራቶሩ ቀዳዳዎች በየተራ ይታያሉ። ካርቡራቶሩ ውስጥ ሲጫን ብቻ ተከፍታ ተጨማሪ ቤንዚን የምትሰጥ ትንሽ ቫልቭ አለች፤ እሷ ከተጣበቀች ባዶውን ማንም አያውቃትም። ቾኩ ሲሳብ ከባሰበት ግን ቤንዚን በዝቶበታል፤ የአየር ፊልትሮው ይጸዳል፣ ቀዳዳዋ በምታንስ ትቀየራለች።

ሦስተኛ፣ እሳቱ። ጭነት ሲበዛ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ደካማ ቦቢና ወይም ያረጀ ካንዴላ በሚኒሞ ይሠራና እዚያ ላይ ይሸነፋል። የእሳቱ ሰዓት ከዘገየም ጉልበት የለም፤ ሞተሩም ይግላል።

አራተኛ፣ የተደፈነ ማርሚታ። መተንፈስ ያልቻለ ሞተር መጎተት አይችልም።

አምስተኛ፣ ሙቀት። አዲስ አበባ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ቤንዚንም ደጋ ላይ ቶሎ ይተናል። በረጅም ዳገት ላይ ቱቦው ውስጥ ቤንዚኑ እንፋሎት ሆኖ ሲዘጋ፣ ረዳቱ ወርዶ እርጥብ ጨርቅ ፖምፓው ላይ የሚጠቀልለው ለዚህ ነው። ልጅ ሆነን አይተን ሥነ ሥርዓት ይመስለን ነበር፤ ፊዚክስ ነው።

ይሄ ሁሉ ታይቶ ካልተገኘ ነው ኮምፕሬሲዮን ተለክቶ «ሞተሩ አልቋል» የሚባለው። የመጨረሻው ፍርድ መጀመሪያ ሲሰጥ ነው ቤተሰብ የሚከስረው። ብዙ ቤት ሞተር አስወርዶ፣ ፒስቶን አስቀይሮ፣ ችግሩ ግን አንዲት የቆሸሸች ቀዳዳ ሆና ተገኝታለች።

ታሪኩን ሳየው የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው። የቤንዚን ጭነት መኪና በአገራችን የተሸነፈው መጥፎ ስለነበረ አይደለም፤ ለሌላ አገር አየር ተለክቶ ስለመጣ ነው። ለኛ አየር የለኩት ስማቸው በየትኛውም መጽሐፍ ያልተጻፈ መካኒኮች ናቸው። ስለ ጣርማ በር ስናስተምር ዋሻውን ማን እንደቆፈረ እንጠይቃለን፤ መኪናውን ዳገቱን ማን እንዳስወጣው ግን አንጠይቅም።

እነዚያ ሰዎች አርጅተዋል። አዲሱ መኪና በኮምፒውተር ነው የሚመረመረው፤ ካርቡራቶር ፈቶ የሚገጥም ወጣት እየቀነሰ ነው። አባቱ ወይም አያቱ ሹፌር፣ ረዳት፣ መካኒክ የነበረ ካላችሁ እባካችሁ ዛሬ ማታ ጠይቁልኝ። የትኛውን መኪና ነዱ? የትኛው ዳገት አስቸገራቸው? ምን ብለው መፍትሔ አገኙለት? የጋራዥ ቃሎቻቸውንም ጭምር ከታች ጻፉልን። እኛ ካልጻፍነው ማንም አይጽፈውም።