ስናድር፣ ቤልጅግ፣ ክላሽ፦ ሕጉ ስለየትኛው ነው የሚያወራው?

የወግዲ ገበሬ ጠመንጃን በስሙ ይጠራል። ስናድር፣ ውጅግራ፣ ቤልጅግ፣ ምንሽር፣ ክላሽ። ሕግ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው፦ አንዱ ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ሁለተኛውን ማን ያቀባብለዋል? ቤልጅግ በእጅ ይቀባበላል። ከፊል አውቶማቲክ የሚባለው ራሱ እያቀባበለ፣ ቃታ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ይተኩሳል። ሙሉ አውቶማቲክ ቃታው ተስቦ እስከተያዘ ድረስ ካዝናውን ይጨርሳል። ክላሽ በአንዲት መቀየሪያ ሁለቱንም ይሆናል። በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ከመካነ ሰላም እስከ ዓባይ በረሃ ድረስ ስለ ትጥቅ የሚነሳው ክርክር ሁሉ በዚህች መቀየሪያ ላይ የቆመ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

መሣሪያን በፍጥነቱ ለይቶ መከልከል አዲስ ነገር አይደለም። በ1882 ዓ.ም. የአውሮፓ መንግሥታትና ሌሎች ኃያላን ብራስልስ ላይ ተሰብስበው ወደ አብዛኛው አፍሪካ ዘመናዊ ጠመንጃ እንዳይገባ ተስማሙ። ምክንያቱ የባሪያ ንግድን ማስቆም ነው ተባለ። አሮጌው የባልጩት ጠመንጃ ግን በክልከላው ውስጥ አልገባም። አፍሪካዊው ይታጠቅ፣ ግን ቀርፋፋውን ይታጠቅ ማለት ነው።

ወሎ ፈጣኑን መሣሪያ ቀድሞ አይቶታል። በሚያዝያ 1860 መቅደላ ላይ የእንግሊዝ ጦር የያዘው ስናድር በጦርነት ሲሞከር የመጀመሪያው ነበር። የብራስልሱ ስምምነት ከመፈረሙ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሚያዝያ 1881፣ እዚያው ወሎ ውስጥ ውጫሌ ላይ ውል ተፈረመ። ሁሉም የሚያነሳው አንቀጽ 17ን ነው። ብዙ የማይነሳው የምኒልክ የጦር መሣሪያ በምፅዋ በኩል እንዲያልፍ የሚፈቅደው ክፍል ነው። መሣሪያው በምፅዋም በጅቡቲም በኩል ገባ፤ የቀረው የዐድዋ ታሪክ ነው። የብራስልሱ ክልከላ በደንብ ቢሠራ ኖሮ የዐድዋ ዘማች በባልጩት በተሰለፈ ነበር። ዛሬ «ትጥቅ ይመዝገብ» ሲባል የሚጠራጠረውን ገበሬ ኋላቀር ብሎ ማለፍ ይህን ታሪክ አለማወቅ ነው።

ክላሽ የመጣው ዘግይቶ ነው። በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት ለሠራዊቱና ለሚሊሻው በገፍ ገባ፤ በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ደግሞ ወደ ገበያና ወደ ገበሬው ቤት ተበተነ። በእጅ ከሚቀባበለው ወደ አውቶማቲክ የተሸጋገረው ትውልድ ይህ ነው። ሕግ ግን አልተከተለውም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 የጦር መሣሪያ ስለመያዝ ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ሰጠ። በአሜሪካ ከኔቫዳ ወደ ካሊፎርኒያ ሲሻገሩ ስለ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ያለው ሕግ ይለወጣል፤ እዚህ ዓባይን ከወግዲ ወደ ጎጃም ለሚሻገር ሰው በወረቀት ሕጉ አንድ ነው። ችግሩ ወረቀቱ ራሱ 25 ዓመት ሊጠጋ እስኪል መዘግየቱ ነው።

በመካከሉ ኢትዮጵያ በ1996 የናይሮቢ ፕሮቶኮልን ፈርማለች። ፕሮቶኮሉ አገሮች አውቶማቲክም ከፊል አውቶማቲክም ጠመንጃ በሲቪል እጅ እንዳይገኝ ሙሉ በሙሉ እንዲከለክሉ ይጠይቃል። ይህ ማለት በቃሉ ከተወሰደ ቤልጅግ ይቀራል፣ ክላሽ ይሄዳል። በ2012 የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ደግሞ ፈቃድና ምዝገባን በፌዴራል ፖሊስ ሥር አደረገና ትጥቅ በልማድ ሲያዝ ለኖረባቸው አካባቢዎች በር ከፈተ። በሩን መክፈቱ ተገቢ ነበር፤ ያለዚያ አዋጁ በአንድ ቀን ሚሊዮኖችን ወንጀለኛ ያደርግ ነበር። ግን «ልማድ» የሚለውን ቃል ማን ይተርጉመው? የወሎ ደጋ ልማድ ጠመንጃ ነው ከተባለ፣ የአያት ስናድር ነው ወይስ በ1983 የተገዛው ክላሽ?

ለዚህ መልስ ሳይገኝ ጦርነቱ መጣ። በሐምሌ 2013 የአማራ ክልል መንግሥት የመንግሥትም የግልም መሣሪያ ያለው ሁሉ እንዲዘምት ጠራ። ጠመንጃህ ፈቃድ አለው ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በጥቅምት 2014፣ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ውጊያ ሲካሄድ፣ የአዲስ አበባ ነዋሪ መሣሪያውን በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግብ ታዘዘ። በመጋቢት 2015 የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲበተኑ ተወሰነ፤ በሐምሌ 28 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የጸጥታ ኃይሉም ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የመፈተሽ ሥልጣን አገኘ። ከጥሪው እስከ ፍተሻው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ከግድግዳው ላይ ያለው ክላሽ ያው ነው፣ ባለቤቱም ያው ነው፤ መጀመሪያ ዘማች ተባለ፣ ቀጥሎ ተጠርጣሪ።

አዋጅ 1177 ዛሬም አልተሻረም። ነገር ግን በአዋጁ መሠረት ፈቃድ ላውጣ የሚል የወግዲ ገበሬ መሣሪያውን ተሸክሞ ከቤቱ እስከ ፖሊስ ጣቢያ መሄድ አለበት። በመንገዱ ላይ ኬላ ቢያገኝ፣ ገና ያልተመዘገበው ክላሽ ለምን እጁ ላይ እንደተገኘ ለወታደሩ በየትኛው ወረቀት ያስረዳል?