ዶናልድ ካምቤል፦ ‘ለውጡን ያመጣው በእርግጥ ፕሮግራሙ ነው?’ ሲሉ የጠየቁት የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር

መንግሥታትና የረድኤት ድርጅቶች አንድን ፕሮግራም ሲያጠናቅቁ ስንት ሰው እንደሠለጠነና ምን ያህል ገንዘብ እንደወጣ ይዘረዝራሉ። የታየው ለውጥ ያለ ፕሮግራሙ ይመጣ እንደነበር ግን እምብዛም አይጠየቅም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ዶናልድ ካምቤል አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን ለዚህ ጥያቄ ሰጥተዋል።

ካምቤል በአውሮፓውያኑ 1916 በሚሺጋን ግዛት ተወለዱ። በ1947 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሌይ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። ከ1953 ጀምሮ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ ሲሆን፣ በ1975 የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ፕሬዝዳንት ነበሩ።

የኮነቲከት ትምህርት

በ1955 በኮነቲከት ግዛት 324 ሰዎች በመኪና አደጋ ሞቱ። የግዛቲቱ አስተዳዳሪ በፍጥነት በሚያሽከረክሩ ላይ ጠንካራ ቅጣት ጣሉ። በቀጣዩ ዓመት የሟቾች ቁጥር ወደ 284 በመውረዱ እርምጃው ሠርቷል ተባለ።

ካምቤልና የሥራ ባልደረባቸው ግን የቀደሙትን ዓመታትና የአጎራባች ግዛቶችን አኃዝ አብረው መረመሩ። 1955 የሟቾች ቁጥር ከወትሮው እጅግ የናረበት ዓመት ነበር፤ እንዲህ ያለ ቁጥር ደግሞ ያለ ምንም እርምጃም ሊወርድ ይችላል። ቅጣቱ ጭራሽ አልጠቀመም አላሉም፤ የሁለት ዓመት ንጽጽር ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን ግን አሳዩ።

ቁጥር ሲመለክ

በ1969 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ መፍትሔው እንደሚሠራ አስቀድሞ የማለ ባለሥልጣን ሐቀኛ ግምገማን እንደሚፈራ አስረዱ። ምክራቸው ባለሥልጣናት ለአንድ መፍትሔ ሳይሆን ለችግሩ ይታመኑ የሚል ነበር፤ አንዱ ካልሠራ ሌላው ይሞከራልና።

ዛሬ ‘የካምቤል ሕግ’ የሚባለው ማስጠንቀቂያቸውም ሰፊ ዕውቅና አለው፦ አንድ አኃዝ ለውሳኔ መሠረት በሆነ ቁጥር ለመዛባት ይበልጥ ይጋለጣል፤ እንዲከታተለው የታሰበውንም ሥራ ያበላሻል። መምህር የሚመዘነው በፈተና ውጤት ብቻ ከሆነ፣ ትምህርቱ ለፈተናው ማዘጋጃ ይሆናል።

በምሥራቅ አፍሪካ

ካምቤል ይመክሩት የነበረው ፕሮግራምን በየተራ የማስጀመር ስልት በምዕራብ ኬንያ ቡሲያ ታይቷል። ከ1998 ጀምሮ የሆድ ትላትል መድኃኒት ለ75 ትምህርት ቤቶች በዙር ሲታደል፣ ተራቸውን የሚጠብቁት ለማነጻጸሪያ አገለገሉ። ተመራማሪዎቹ ከትምህርት ገበታ የሚቀሩ ልጆች መቀነሳቸውን ዘገቡ። መረጃውን ዳግም የመረመሩ ሌሎች ባለሙያዎች ግን ስለ ውጤቱ ስፋት ተከራክረዋል።

ካምቤል በ1996 ያረፉ ሲሆን፣ የማኅበራዊ ፕሮግራሞችን ማስረጃ የሚያጠናቅረው ዓለም አቀፍ ተቋም፣ ካምቤል ኮላቦሬሽን፣ በስማቸው ይጠራል።